ትልቁ ብልቃጥ

የራህመቶ እግር በተቀበረ ዕለት ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር። የእግሩ ባለቤት በሕይወት አለ፤ ሆስፒታል ተኝቶ ጉሉኮስ ይንጠባጠብለታል። የተቀበረው እግር ብቻ ነው። ሼሁ አስቀድመው «ሬሳ ላይ የሚሰገደው ሶላተል ጀናዛ ለእግር የለም፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ቅበሩና ወደ ሥራችሁ ሂዱ» ብለው ነበር። ማን ሊሰማቸው! የመቂ ሽንኩርት ነጋዴው፣ የዝዋይ ደላላው፣ የአይሱዙ ሾፌሩ ሁሉ እየመጣ ምንጣፉ ላይ ተደረደረ። አንዱ ግራ ቢገባው «አላህ ያጽናችሁ» አለ። ሌላው «አላህ ይማረው» ካለ በኋላ ምላሱን ነከሰ። ምን ኃጢአት አለው እግር፣ ምኑ ይማራል?

ፋዲላ፣ የራህመቶ ሚስት፣ ጓዳ ቁጭ ብላ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሳቋ ያመልጣት ነበር። ያን ዕለት ግን ሐሳቧ እጇ ላይ ነው። በሳሙናም በሎሚም ብታሸው የሆስፒታሉ መድኃኒት ሽታ ከጣቶቿ አልለቅ ብሏታል። ወንዶቹ ተሸክመው በሄዱት ጥቅል ውስጥ ከእግሩ ሌላ አንድ ነገር እንዳለ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ነገሩን ከመነሻው መያዝ ይሻላል። ራህመቶ የራሱ አይሱዙ ያለው፣ ከመቂ፣ ከዝዋይና ከአዳሚ ቱሉ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ አዳማ የሚያራግፍ ሰው ነበር። ከግራ ጉልበቱ በላይ እብጠት ሲወጣበት «ፍሪሲዮን የሚረግጠው እግር ነው፣ ቢያብጥ ምን ይገርማል» ብሎ ናቀው። ወጌሻ አሸው። ሎሚ ታክል የነበረችው እብጠት ብርቱካን አከለች። በመጨረሻ ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ላብ ያሰምጠው ጀመርና፣ ረዳቱ መሪውን ቀምቶ አዳማ ሆስፒታል ወሰደው። ራጅ ተነሳ፣ በመርፌ ተወጋ፤ የተቀዳችው ግን ትንሽ ሆና ቁርጡን አልነገረችም። ቀዶ ሐኪሙ ሳያለባብስ ነገረው። «ዕጢው ከልም አጥንት የተነሳ ነው፤ መልኩም አላማረኝም። ከጉልበት በላይ ካልቆረጥነው ሳንባ ሊገባ ይችላል።»

ያን ሰሞን ነው ዶክተር ሃዊ ወደ አልጋው የመጣችው። አባቷ ኩየራ የሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ቄስ ናቸው፤ እሷ ደግሞ ከሰው የወጣ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ የምታይ ሐኪም ሆናለች። ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች።

«ጋሽ ራህመቶ፣ ልም አጥንት ያውቃሉ? ሥጋ ሲበሉ አጥንቱ ጫፍ ላይ ቀርጨም የሚለው ነጩ።»

«እሱንማ እወደዋለሁ» አላት።

«የእሱ ሴሎች ላያቸው ላይ ተቀባዮች አሏቸው። መልእክት ይቀበላሉ። እደግ ሲባሉ ያድጋሉ፣ በቃ ሲባሉ ያቆማሉ። እኔ የማጠናው ተቀባይ ጤነኛው ላይ ጥቂት ነው፣ ጸጥ ብሎ ነው የሚኖረው። ያበጠው ላይ ግን ይበዛል ብዬ ነው የምጠረጥረው።»

«መናኸሪያ ይሆናል በይኛ። ሁሉም ይጣራል፣ ሁሉም ይጎትታል።»

ሃዊ ሳቀች። «እንደሱ ነው። ታዲያ ከእባጩም፣ ከጤነኛውም ትንሽ ትንሽ ቁራጭ ልወስድና አዲስ አበባ ላስመረምር ነው ፈቃድዎን የምጠይቀው። ሁለቱ ጎን ለጎን ካልታዩ አይታወቅም። የእባጩ ቁራጭ ደግሞ ለጥናቴ ብቻ አይደለም። ዕጢው ምን ያህል ክፉ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላም ምን መደረግ እንዳለበት የሚነግረን እሱ ነው።»

ራህመቶ ወደዳት፤ ፈረመላት። ሼሁም ተጠይቀው «ለሕክምና የሚቀር ቁራጭ ችግር የለበትም» ብለው ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ሑስና መጣች እንጂ። ሑስና የራህመቶ ታላቅ እህት፣ የበርበሬና የቅመም ነጋዴ ናት። ነገር ስትሰማም እንደ በርበሬው ፈጭታ፣ ነፍታ፣ ከሌላ ቀላቅላ ነው የምታስቀምጠው። «የወንድሜ ሥጋ እንደ ዱባ ተቆርጦ በመኪና አዲስ አበባ ይሄዳል? ማን እንደሚጫወትበት በምን ይታወቃል?» እያለች ከአልጋው ራስጌ አልጠፋ አለች።

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋት፣ ተሸክመው ሊያስገቡት ሲሉ ራህመቶ የፋዲላን አንጓ ያዘ። 

«ወላሂ በይ» አላት። «ከእኔ ቁራሽ እንኳ እዚህ አይቅር። የቂያማ ቀን አካሌን ፍለጋ ከሆስፒታል ሆስፒታል ስዞር እንዳታዪኝ።»

«የፈረምከውስ?»

«የፈረምኩት ሳልፈራ ነው።»

ፋዲላ ባሏ ሲፈራ አይታ አታውቅም። ጎማ ፈንድቶበት ከገደል አፋፍ የተረፈ ጊዜ እንኳ እየሳቀ ነበር ቤት የገባው። «ወላሂ» አለች።

ቀዶ ሕክምናው አልቆ እግሩ በነጭ አንሶላ ተጠቅልሎ ከጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀመጠ፤ ፋዲላ ልትረከብ ገባች። ሃዊ ሁለቱን ቁራጮች ቀድማ አውጥታ ፎርማሊን ውስጥ ነክራቸዋለች። ከእባጩ የተቆረጠው በትልቁ ብልቃጥ፣ ከቁርጭምጭሚቱ የተላጠው ጤነኛው በትንሹ። ስም የምትጽፍበት ፕላስተር ብታጣ «እትዬ ፋዲላ፣ አንዴ ይጠብቁኝ፣ ፕላስተር ይዤ መጣሁ» ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ሑስና አገኘቻት። ሑስና ሰው አንቃ መያዝ ትችላለች፤ በእጇ ሳይሆን በአፏ። «ቆይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ ምን ልታደርጊበት ነው?» ብላ ጀመረች። ሃዊም ታላቅን አቋርጦ መሄድ ነውር ነው ብላ ቆመች።

ፋዲላ ከሁለቱ ብልቃጦች ጋር ብቻዋን ቀረች። ሁለቱንም ትታ ብትሄድ ወላሂ ያለችው አለ። ሁለቱንም ብትወስድ ልጅቱ ጉድ ይፈላባታል፤ ምርመራውም ይቀራል። ስለዚህ ነገሩን ለሁለት ከፈለችው። ያው የአንድ ሰው፣ የአንድ እግር ሥጋ አይደለም? ወጥ ለመቅመስ አንድ ጭልፋ ይበቃል፣ ድስቱ ሁሉ አይገለበጥም። ትልቁ ለአፈሩ፣ ትንሹ ለአዲስ አበባ። «ጎን ለጎን ካልታዩ» የተባለውን በጆሮዋ ሰምታለች፤ ግን የሚያጠኑ ሰዎች የሚሉት ነገር መሰላት፣ የባሏ ነፍስ ያለበት አልመሰላትም። ትልቁን ብልቃጥ ከሻርፗ ሥር አስገባችው።

ሃዊ ከሑስና አፍ ወጥታ ስትመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነበር። እግሩን ቤተሰቡ ወስዷል። ብልቃጡን ደግሞ ናሙና የሚያመላልሰው ሠራተኛ፣ የአዲስ አበባው መኪና ሊነሳበት ሲል አንድ ብቻ አግኝቶ፣ በራሱ እጅ የራህመቶን ስም ለጥፎበት ሄዷል። ሃዊ ሁለቱንም የወሰደ መሰላት። እሱም ድሮም አንድ የነበረ መሰለው።

ቤት ሲደርሱ ሑስና ከፈን ልታመጣ ወጣች። ፋዲላ የጓዳውን በር ዘግታ ብልቃጡን ከፈተች፤ ፎርማሊኑ ዓይኗን አቃጠላት። ውስጡ ያለው ነገር ነጣ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጠንካራ ነው። በዚህ በሚሸት መድኃኒት ተነክሮ እንዴት አፈር ይግባ? ውኃ አሞቀች። ቢስሚላህ ብላ በቀስታ፣ በጣቶቿ ጫፍ፣ እያገላበጠች አጠበችው። ባሏን ያን ሁሉ ጊዜ ያሠቃየው ነገር ነው፤ ቢሆንም የእሱ ነው። ከዚያ ጥቅሉን ፈትታ ከጉልበቱ በላይ፣ ከነበረበት ቦታ መለሰችው። የዚያን ሰዓት ደስ ብሏት ነበር። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ደስ ያላት ቀን የለም።

ውጤቱ የመጣው ራህመቶ በክራንች መራመድ ሲጀምር ነው። ሃዊ ወረቀቱን አንብባ ፊቷ ተለዋወጠ። ቀዶ ሐኪሙም ተቀብሎ አነበበ።

«የመጣው ጤነኛ ልም አጥንት ነው ይላል» አለ በመጨረሻ። «ካንሰር የለበትም።»

«ተቀባዮቹም ጥቂት ናቸው፣ ጸጥ ያሉ» አለች ሃዊ፣ ለራሷ የምታወራ ይመስል። «ይሄ እኮ ከቁርጭምጭሚቱ ያወጣሁት ነው። ሌላውስ? ሁለት ነበሩ እኮ!»

ራህመቶ ሌላውን አልሰማም። ካንሰር የለበትም የሚለውን ብቻ ሰማና «አልሐምዱሊላህ» ብሎ አለቀሰ። ቀዶ ሐኪሙ «ጋሽ ራህመቶ፣ አይቸኩሉ፤ ራጁ ላይ ያየነው ሌላ ነው» ቢለው ማን ጆሮ ይሰጠዋል። ፋዲላ ግን እዚያው ቆማ ሁሉም ነገር ገባት። ግድግዳ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰዎቹ በደስታ መስሏቸው ወንበር አቀረቡላት።

የራህመቶ ደስታ ቤት እስኪደርስ አልቆየም። ባጃጁ በር ላይ ሲያቆም፣ እንደ ልማዱ ግራ እግሩን አስቀድሞ ሊወርድ ቃጣው። የሚረግጥበት የለም። ተንደርድሮ በደረቱ ወደቀ። ባለባጃጁ ሊያነሳው ሲሮጥ ራህመቶ አፈሩ ላይ እንደተጋደመ ቀና ብሎ ፋዲላን አያት።

«ታዲያ እግሬስ?» አላት። «ካንሰር ከሌለብኝ፣ እግሬን ለምን ወሰዱት?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ራህመቶ ሌላ ሰው ሆነ። አይሱዙውን ለረዳቱ አስረክቦ በር ላይ ወንበር አወጣ። የሚያልፈውን ሁሉ እየጠራ ያወራል። «ተቀባዮቹ ጸጥ ያሉ ነበሩ አሉ። ሰማህ? ጸጥ ብሎ የተቀመጠ እግር ቆረጡብኝ!» ሰውም ሐኪም ቤት እርም አለ። ከመቂ ድረስ እየመጣ የሚሰማው ነበር። ካሚል የሚባል የሽንኩርት ነጋዴ፣ ትከሻው ላይ የወጣበትን እብጠት ሊታይ ቀጠሮ ይዞ ሳለ፣ የራህመቶን ወሬ ሰምቶ ቀጠሮውን ተወው። ራህመቶ ይህን ሲሰማ «ጎበዝ፣ ተርፈሃል» አለው። ያ ቁጣ ሁለተኛ ክራንቹ ሆነለት። ፋዲላ ውኃ ልታቀርብ ስትወጣ ስትገባ ሁሉንም ትሰማለች። ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው የፋዲላን ዝምታ ከፍቶ አላየም።

ለምን አልተናገረችም? ቀላል ይመስላል። ስትናገር የምትለው እኮ «ባሌ ሆይ፣ ካንሰር ነበረብህ፤ ምን ያህል ክፉ እንደሆነ የሚነግረንን ቁራጭ ደግሞ እኔ ቀብሬዋለሁ» ነው። የቱን አስቀድማ፣ የቱን አስከትላ ትበል? ነገ እነግረዋለሁ ትላለች። ነገ ሲመጣ ራህመቶ ለአንዱ እንግዳ እያወራ ይደርሳል፤ በእንግዳ ፊት አይሆንም ብላ ትመለሳለች።

ሃዊ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው መጣች። ከስታለች። ናሙና አጥፍታለች ተብላ ጥናቱ ከእጇ ተወስዶ ለሌላ ተሰጥቷል። ሥራዋን ግን አንድም ቃል አላነሳችም።

«ጋሽ ራህመቶ፣ የተመረመረው ጤነኛው ክፍል ነው። ያበጠውን ያየ የለም። ስለዚህ ዳኑ ማለት አልችልም። እንዲህ ያለው ዕጢ ሲከፋ ሳንባ ላይ ነው የሚወጣው። በየጊዜው ደረትዎ መታየት አለበት። ለእኔ ብለው ሳይሆን ለራስዎ ብለው ይምጡ።»

«ጤነኛ እግር ቆርጣችሁ ጤነኛ ሳንባ አማራችሁ?» አላት። «ሁለት ብልቃጥ ነበር ትያለሽ። የት ሄደ ሁለተኛው? በረረ?»

 የሃዊ ዓይን ዞሮ ፋዲላ ላይ አረፈ። ከብልቃጦቹ ጋር ፋዲላ ብቻዋን ቀርታ እንደነበር ሁለቱም ያውቃሉ። ፋዲላ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ሃዊ ጥቂት ቆማ ጠበቀች፤ ከዚያ ተሰናብታ ሄደች። ራህመቶ ከኋላዋ «የቄስ ልጅ ትዋሻለች እንዴ!» እያለ ይስቃል። ፋዲላ ጓዳ ውስጥ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና እንደ ሕፃን አለቀሰች። አፈረች፤ ያፈረችው ደግሞ በራሷ ነው።

ሳሉ የጀመረው ከክረምቱ ጋር ነው። መጀመሪያ ብርድ ተባለ። በማር ተሞከረ፣ በዝንጅብል ተሞከረ። ዝናቡ አልፎ ሳሉ ቀረ። አንድ ጠዋት ራህመቶ መሐረቡን ካፉ ሲያነሳ ደም ያዘ፤ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ፋዲላ አየችው። ያን ዕለት ገና ወንበሩን ወደ በር ሳያወጣ የመንገዱን በር ዘጋችና ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ልጅቱ አልዋሸችም» አለችው። «ሁለት ብልቃጥ ነበር። ትልቁን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ያበጠው ያለበትን። ከጥቅሉ ውስጥ ከትቼ ከእግርህ ጋር አስቀበርኩት። አዲስ አበባ የሄደው ጤነኛው ነው። አስምለኸኝ ነበር፤ ለምርመራ አንዱ ይበቃል ብዬ ነው።»

 ራህመቶ ክራንቹን ከግድግዳው ወደ ጭኑ፣ ከጭኑ ወደ ግድግዳው አዟዟረው።

«እንዲሁ ከተትሽው?»

«አጥቤ።»

«በምን?»

«በሞቀ ውኃ።»

ሳቀ። ሳቁ ሳል አስከተለ፤ ሳሉ እስኪበርድለት ደረቱን ይዛ ቆየች። ሲበርድለት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከሳሉ ይሁን ከሌላ አልለየችውም።

«ታዲያ አሁን ማንን ልቆጣ?» አላት።

«እኔን።»

«አንቺንማ አልችልም። ያስማልኩሽ እኔ ነኝ።» ክራንቹን አስቀመጠና «ይህን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?» አለ።

ፋዲላ ያሰበችው መልስ ብዙ ነበር።  «ፈርቼ» አለች ብቻ። እሱም አንገቱን ነቀነቀ፤ ፍርሃትን ያውቀዋል።

«እንሂድ፣ ደረትህ ይታይ» አለችው።

«እሄዳለሁ። እዚህ ግን አይደለም። ሻሸመኔ ውሰጂኝ፣ ማንም የማያውቀኝ ቦታ። ይህን ነገር ደግሞ ለማንም አትናገሪም። ለሑስናም፣ ለዚያችም ልጅ። ይህ ሁሉ ሰው ቁጭ ብሎ ሰምቶኛል። እግሬ ሄዷል፤ ደግሞ ቃሌን ልጣ? ወላሂ በይ።»

«አልምልም። አንድ ጊዜ ምዬ ያደረግሁትን አየኸው።»

«እንግዲያው አልሄድም።»

ራህመቶ አልሄድም ካለ አይሄድም። ይህን ከሃያ ዓመት በላይ አብራው ኖራ ታውቀዋለች። ስለዚህ ማለች። በመሐላ የገባችበትን ገደል በመሐላ ልትወጣ ሞከረች፤ አማራጭ ያለው ሰው ይፍረድባት።

ሻሸመኔ ደረቱን ያነሳው ሐኪም ብዙ አላወራም። ፊልሙን ብርሃኑ ላይ ሰክቶ በሁለቱም ሳንባ ላይ የተበተኑትን ነጫጭ ክቦች አሳያቸው። «ጥቂት በነበሩ ጊዜ ብትመጡ አንድ ነገር እንሞክር ነበር» አለ። ከዚያ ተነስቶ የራህመቶን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ሲመለሱ ሚኒባሱ አዳሚ ቱሉ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ራህመቶ በመስኮቱ ወደ እርሻው ሲያይ ቆየና «ሽንኩርቱ ደርሷል፣ ዘንድሮ ዋጋው ይወድቃል» አለ። እስከ አዳማ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ቤት ከገባ በኋላም ወንበሩን አስወጣ። ድምፁ እየሳሳ፣ ትንፋሹ እያጠረ ያችኑ ወሬ ቀጠለ። አንድ ቀን እንግዳ ተጠራጥሮ «እውነት ጤነኛ ነበር?» ቢለው፣ ራህመቶ ወደ ውስጥ ዞሮ «ፋዲላ ትመስክር!» አለ። ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ባሏ ዓይን ዓይኗን ያያል። ልመና ነው፤ በሕይወቱ ለምኗት አያውቅም።

«አዎ፣ ጤነኛ ነበር» አለች።

ራህመቶ ብዙ አልቆየም። እግሩ ከተቀበረበት አጠገብ ቀበሩት። አሁን በግቢው የተቀመጠው ሕዝብ ምን እንደሚል ግራ አልገባውም። «እነሱ ናቸው የገደሉት» ይላል ሁሉም። «ጤነኛ እግር ቆርጠው፣ በሽታው በቁስሉ በኩል ገባ።» የትከሻው እብጠት በጋቢ ላይ ሳይቀር የሚታየው ካሚልም እዚያው ተቀምጦ «እኔን እሱ ነው ያተረፈኝ» እያለ እንባውን ይጠርጋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እዚህ ግቢ እያደረ ደፈረሰ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ሃዊ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና፣ ጫማዋን ከድንኳኑ ደፍ ላይ አውልቃ ወደ ሴቶቹ ገባች። ገና ጎንበስ ብላ «አላህ ያጽናችሁ» ከማለቷ ሑስና ብድግ አለች።

«ምን ቀረሽ? የቀረ የሚቆረጥ አለ?» አለቻት። «ወንድሜን ቁርጥርጥ አድርገሽ በብልቃጥ ስትሞይ አልጠግብ አልሽ? ውጪልኝ!»

ሴቶቹ አጉረመረሙ። አንዷ የሃዊን ሻርፕ ይዛ ወደ በሩ ጎተተች። ሃዊ አልተከራከረችም። ፋዲላን አንድ ጊዜ አየቻት፤ ያን ዕለት ብርጭቆ ስትሰበስብ ያየቻትን አስተያየት ነው። ከዚያ ጫማዋን ልታጠልቅ ዝቅ አለች።

ፋዲላ ወላሂ ያለችውን አሰበች። ያስማላት ሰው አፈር ውስጥ ነው። ካሚል ድንኳኑ ማዶ በሕይወት ተቀምጧል፤ ልጅቱም በደፉ ላይ ጎንበስ ብላለች። ተነሳች።

«ተዉአት!» አለች። ድምፁ የሷ አልመስል አላት። «እሷ ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ። ካንሰር ነበረበት፣ እግሩም መቆረጥ ነበረበት። ያበጠውን ሰርቄ አጥቤ የቀበርኩት እኔ ነኝ። የመረመሩት ጤነኛውን ነው። እሱም ያውቃል፣ ነግሬዋለሁ። ካሚል፣ ስማኝ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬ ሂድና ትከሻህን ታይ!»

 ከወንዶቹ በኩል ካሚል አንገቱን አስግጎ አያት። ፋዲላ አሁን ይጮኹብኛል፣ አሁን ይተፉብኛል ብላ ጠበቀች። ብትመታም አይከፋትም ነበር፤ ይህን ያህል ጊዜ ስትጠብቀው የኖረችው እሱን ነው።

«ውይ፣ እኔ ልሙት» አለች አንዲት አሮጊት ቀስ ብላ። «ሐዘኑ ራሷ ላይ ወጣ።»

«አላህ ይሁናት። እንቅልፍ ካጣች ስንት ቀኗ ነው?»

«ውኃ አምጡ፣ አየር ስጧት።»

ካሚል አንገቱን መልሶ ዝቅ አደረገ፤ ከንፈሩንም መጠጠ። ፋዲላ «እብድ አይደለሁም፣ ስሙኝ» አለች። ያን ስትል ደግሞ ይበልጥ አለቀሱላት። በመላው ድንኳን ያመነቻት አንዲት ሰው ሃዊ ነበረች። እሷን ደግሞ ከግቢው አስወጥተዋታል።

ሑስና የሞቀ ውኃ በጆግ ይዛ መጣች። ከዚያ ክፉ አፏ ያን ሰዓት ክፉ ቃል አልወጣም፤ የወንድሟን ሚስት ደረቷ ላይ አስደግፋ «አይዞሽ፣ አይዞሽ እህቴ» አለቻት። ከዚያ ከሞቀው ውኃ በመዳፏ እየዘገነች ቢስሚላህ አለችና፣ በቀስታ፣ በጣቶቿ ጫፍ፣ ፊቷን ታጥባት ጀመር።